ወንድ ልጅ በምን ይመዘናል?

 

በወላይታ ዞን የምንኖር ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ነን። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ከ100 ሰው 71 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 5 ያህሉ ደግሞ ካቶሊክ ነበር። ስለዚህ በሶዶ ከተማ ጎረቤታችንም፣ የገበያ ደንበኛችንም፣ የልጆቻችን የክፍል ጓደኛም በአብዛኛው ክርስቲያን ነው። በሰርግም በለቅሶም አብረን እንቆማለን። ልጆቻችንም ስለ ወንድነትና ስለ ትዳር የሚሰሙት ከመድረሳ ብቻ አይደለም። ከጎረቤት ሰርግ፣ ከድምፅ ማጉያ፣ ዛሬ ደግሞ ከእጅ ስልክ ይሰማሉ። እንግዲያው ጎረቤቶቻችን ወንድን በምን ሚዛን እንደሚመዝኑ ማወቅና ሚዛኑን መመርመር የወላጅ ግዴታ ነው።

ምርመራው ግን በፍትሕ መሆን አለበት። ለሕዝቦች ያለን ስሜት ከፍትሕ እንዳያወጣን አላህ በሱረቱል ማኢዳ አስጠንቅቆናል። በተውሒድ ጉዳይ ከክርስቲያኖች ጋር ያለን ልዩነት የታወቀ ነው፤ የዛሬው ጽሑፍ ስለ እርሱ አይደለም። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ወንድ ልጅ ዋጋ የሚኖረው በምንድን ነው? ከዚህ አንጻር የክርስቲያኖች መልስ አንድ ወጥ አይደለም። ቢያንስ አራት ሚዛን ይታያል።

የመነኩሴው ሚዛን

የመጀመሪያው በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ዘንድ የቆየው ነው። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ጋብቻን ከቅዱሳት ምሥጢራት አንዱ አድርገው ያከብሩታል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ከመቀሰሱ በፊት ያገባል። ይሁን እንጂ ጳጳስ የሚሾመው ከመነኮሳት ወገን ነው። ሚስቱ የሞተችበት ቄስም ክህነቱን ይዞ ሌላ አያገባም። በካቶሊኮች ዘንድ ደግሞ ቀሳውስቱ በአብዛኛው ከነጭራሹ አያገቡም። ይህ ሁሉ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ሳያገቡ መኖርን ካስበለጠበት ቃል ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሚዛን ያገባ ወንድ ጥሩ ነው፤ ያላገባው ግን ይበልጣል።

መነኮሳቱ ለዓለም ጥቅም ጀርባቸውን መስጠታቸው በራሱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቁርኣን በሱረቱል ሐዲድ ምንኩስና አላህ ያልደነገገው፣ ሰዎች ራሳቸው የፈጠሩት መሆኑን ነግሮናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሦስት ሰዎች ለዒባዳ ሲሉ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሊሰግድ፣ ሌላው ዘወትር ሊጾም፣ ሦስተኛው ሴት ላያገባ በተነሡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርሳቸው አላህን ከሁሉም አብልጠው እየፈሩ እንደሚጾሙም እንደሚበሉም፣ እንደሚሰግዱም እንደሚተኙም፣ እንደሚያገቡም በመግለጽ መልሰዋቸዋል። በእስልምና የወንድ ልጅ ፈሪሃ አላህ የሚፈተነው ከቤት ርቆ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ነው። ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ፣ ጤፍ ሲወደድ፣ ሚስት ስትታመም የሚታየው ትዕግሥት ከዋሻ ትዕግሥት አያንስም።

የወንጌላውያኑ ሚዛን

ሁለተኛው ለወላይታ ሰው ይበልጥ የቀረበ ነው። የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያን ሲያባርራቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ 10 ሺህ ደርሶ እንዳገኙት ራሳቸው ጽፈዋል። ሥራውን የሠሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ዋንዳሮን የመሰሉት ወንጌላውያን በጣሊያን ዘመን ታስረው ተገርፈዋል። ከዚህ እንቅስቃሴ የወጣችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በዞኑ ትልቅ ስፍራ አላት።

ቀድሞ በወላይታ የወንድ ክብር በከብቱ ብዛትና በመሬቱ ስፋት ይለካ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሌላ መለኪያ አመጡ። መጠጥ የማይጠጣ፣ ጠንቋይ ቤት የማይሄድ፣ አንድ ሚስት ይዞ ልጆቹን የሚያስተምር ወንድ ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። ድሃ ገበሬ ቢሆንም በጉባኤ መካከል ተነሥቶ ይናገር ጀመር። ውድ አንባቢያን፣ ሐቅን ሐቅ ማለት ይገባናል። መጠጥን መተው እኛም የታዘዝንበት ነው። ደመወዙን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ጎረቤት በረከት ነው።

ታዲያ ትችታችን የት ላይ ነው? ስለ ራስነት ባለው ትምህርት ላይ ነው። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ሚስት ለባሏ እንድትገዛ፣ ባልም ሚስቱን እስከ ሕይወቱ ድረስ እንዲወድ አዝዟል። በብዙ ሰርግ ላይ ግን የመጀመሪያው ክፍል በጩኸት ይሰበካል፤ ሁለተኛው በለሆሳስ ይታለፋል። ከዚህም በላይ ወንዱ ግዴታውን ካልተወጣ ሴቲቱ በእጇ የምትይዘው የተወሰነ መብት አልተቀመጠላትም፤ ነገሩ ለፍቅሩና ለሽማግሎች ምክር የተተወ ነው። ፍቅር ትልቅ ነገር ነው፤ ፍቅር ሲጠፋ ግን ምን ይቀራል? እስልምና ለዚህ ቀን አስቦ መህሩን የራሷ አድርጎ፣ ቀለቧንና ልብሷን በባል ላይ ግዴታ አድርጎ፣ ገንዘቧን ከገንዘቡ ለይቶ፣ በደል ሲደርስባት ወደ ቃዲ የምትሄድበትን መንገድ ከፍቶ ደንግጓል።

ይህን ስንል ግን ራሳችንንም እንይ። በሱረቱን ኒሳእ ወንዶች በሴቶች ላይ «ቀዋሙን» መሆናቸው ተነግሯል። ይህ ቃል ቆሞ የሚያስተዳድርን፣ የሚጠብቅንና የሚሸከምን ሰው ያመለክታል። አንቀጹም ከምክንያቶቹ አንዱን ወንዶች ከገንዘባቸው መለገሳቸው አድርጎታል። እኛ ዘንድም ቃሉን ለትእዛዝ የሚጠቅስ፣ ለወጪ ግን የሚረሳው ወንድ ሞልቷል። ጎረቤቶቻችን ስለ ብዙ ሚስት ሲወቅሱንም መልሳችን ቁጣ ሊሆን አይገባም። በዚሁ ሱራ ፍትሕን ማጓደል የፈራ በአንዲት እንዲወሰን ታዝዟል። ሁለተኛ አግብቶ የመጀመሪያዋን ከልጆቿ ጋር የጣለ ሰው ለእስልምና ምስክር አይሆንም፤ በእስልምና ላይ የሚመሰክር እንጂ።

ከባሕር ማዶ የመጣው ወንድነት

ሦስተኛው ሚዛን በመጻሕፍትና በቪዲዮ የመጣ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ የቃል ኪዳን ጠባቂዎች የሚባል የክርስቲያን ወንዶች ማኅበር አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶችን በዋሽንግተን አደባባይ ሰበሰበ፤ አልቅሰው ለሚስቶቻቸው ታማኝ ለመሆን ቃል ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ማኅበሩ ደመወዝ የሚከፍልበት አጥቶ ሠራተኞቹን አሰናበተ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ጆን ኤልድሪጅ የሚባል አሜሪካዊ በጻፈው መጽሐፍ የወንድ ልብ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው አለ፤ የሚዋጋበት ጦርነት፣ የሚኖረው ጀብዱና የሚታደጋት ውብ ሴት። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ስሙ የታወቀው የባሃማሱ ሰባኪ ማይልስ ሙንሮ ስለ ወንድ ዓላማና ኃይል መጽሐፍ አወጣ። ሙንሮ እ.ኤ.አ. በ2014 በአውሮፕላን አደጋ ቢሞትም ንግግሩ ዛሬም በስልክ ይሰማል።

ሙንሮ አንድ ትክክለኛ ነገር ተናግሯል። ወንድ ዋጋውን ከሥራውና ከደመወዙ ብቻ ካገኘ፣ ሥራው ሲጠፋ ራሱም ይጠፋል። ነገር ግን በምትኩ ያስቀመጠው ባለ ራእይነትና መሪነት ነው። ከወላይታ ወጥቶ በአዲስ አበባ ጎዳና ጫማ የሚጠርገው ወጣት የማን መሪ ነው? ራእዩ የነገ ዳቦ የሆነበት የቀን ሠራተኛስ ወንድነቱ ጎደለ ማለት ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ገመዱን ይዞ እንጨት በጀርባው ተሸክሞ የሚሸጥ ሰው ሰዎችን ከመለመን እንደሚበልጥ በሶሒሕ ሐዲስ አስተምረዋል። በዚህ ሚዛን ሊስትሮውም ሙሉ ወንድ ነው።

የኤልድሪጅ ነገር ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ ለሰለቸው ሰው የተጻፈ ነው። በዳሞታ ተራራ ሥር ከወንድሞቹ ጋር በተካፈላት ቁራጭ መሬት እንሰትና ስኳር ድንች ተክሎ ስድስት ነፍስ የሚያሳድር ገበሬ ጀብዱ አልጎደለበትም። ሚስቱም የምትፈልገው ታዳጊ አይደለም፤ ከእርሷ ጋር ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ባል ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር በተጠየቁ ጊዜ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሰላት ሰዓት ሲደርስም ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። ጦር የመሩት ነቢይ በቤታቸው አገልጋይ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ወንድነት ማን ያሳየናል?

የበረከት ሚዛን

አራተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። ባለፉት ዓመታት በየከተማው የተነሡት «ነቢያት» እና «ሐዋርያት» የእግዚአብሔር ውዴታ በመኪና፣ በቤትና በውጭ ጉዞ ይታያል ብለው ያስተምራሉ። ላላገባች ልጅ ባለ ሀብት ባል ይመጣልሻል ብለው ይተነብያሉ። ድሃው ወጣት በዚህ ትምህርት ሁለት ጊዜ ይዋረዳል፤ አንድ ጊዜ በኪሱ፣ ሁለተኛ ጊዜ በእምነቱ፤ ድህነቱ የእምነት ጉድለት ተብሎበታልና። ብዙ ወንጌላውያን ራሳቸው ይህን ትምህርት መቃወማቸውን ልንመሰክርላቸው ይገባል። በመጠጥ ተውና በታማኝነት የሚመዝኑት የወላይታ አባቶች ሚዛን በልጆቻቸው ዘመን በገንዘብ ሚዛን መለወጡ ለእነርሱም ኀዘን ነው።

የእኛስ ሚዛን?

ውድ አንባቢያን! እስከ አሁን የጎረቤትን ሚዛን ተመለከትን። አሁን የእኛን ቤት እንክፈት። ለሴት ልጃችን ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? ይሰግዳል ወይ? ጠባዩ እንዴት ነው? ነው ወይስ ሱቅ አለው ወይ? ቤቱ የራሱ ነው ወይ? ውጭ አገር ዘመድ አለው ወይ? መህሩ በወርቅ ግራም ሲቆጠር፣ የአዳራሹ ኪራይ፣ ቬሎው፣ የቪዲዮው ዋጋ ሲደመር ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መምህር ወይም የልብስ ሰፊ ልጅ ከየት ያመጣዋል? እነዚያን ሰባኪዎች የተቸንበት ሚዛን በእኛም ሳሎን ተሰቅሏል፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል።

ውጤቱም በዓይናችን ፊት ነው። ወጣቱ ወንድ መሆኑን ለማስመስከር በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ዓረብ አገር ይሰደዳል፤ በመንገድ የቀረም አለ። ልጃገረዷም ቤት ትቀመጣለች። ቁጥራችን ጥቂት በሆነበት ከተማ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የሙስሊሙ ቤት በር በዋጋ ሲዘጋ የጎረቤቱ በር ክፍት ነው። ሴት ልጃችን በሃይማኖታችን ወደማይፈቀድላት ትዳር ስትሄድ እርሷን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ሦስት ሰጋጅ ወጣቶችን በድህነታቸው የመለሰው አባትስ? ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዲኑንና ጠባዩን የወደድንለት ሰው ሲመጣ እንድንድርለት፣ ካልሆነ በምድር ላይ ፈተናና ብልሽት እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል።

ጁለይቢብ (ረ.ዐ.) የሚባሉት ሶሓባ አጭር፣ መልካቸው የማይስብ፣ ዘመድ የሌላቸው ድሃ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርሳቸው ከአንድ የአንሷር ቤት ልጅ ጠየቁ። ወላጆቿ ሲያመነቱ ልጅቷ ራሷ የነቢዩን ጥያቄ እንዴት ትመልሳላችሁ ብላ ተቀበለች። ኋላም ጁለይቢብ በዘመቻ ሲሞቱ ሌላው ሰው አላስታወሳቸውም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ፈልገው አገኟቸው፣ የእኔ ወገን ነው አሉ፣ በክንዳቸውም ተሸክመው ቀበሯቸው። የዓሊይ (ረ.ዐ.) መህር ለነቢዩ ልጅ ለፋጢማ (ረ.ዐ.) የጦር ጥሩራቸው ነበር። የብረት ቀለበት እንኳ ላጣ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ቁርኣን ማስተማር መህር ሆኖለታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ መህር የልጅቷ መብት ነው፤ የአባት ገቢም የዘመድ መኩራሪያም አይደለም። እንደ ልጁ አቅም ይሁን። ሁለተኛ፣ ወሊማ በአንድ በግም ይሆናል፤ ተበድሮ አዳራሽ መከራየት ሱና አይደለም። ሦስተኛ፣ ወንድ ልጆቻችንን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ውኃ መቅዳት፣ ልጅ ማዘል፣ እናታቸውን ማገዝ እናስለምዳቸው፤ ቀዋምነት በሰርግ ቀን አይጀመርምና። አራተኛ፣ ሱረቱን ኑር ያላገቡትን ዳሩ ብሎ የሚያዘው ማኅበረሰቡን ነው። በሶዶ ሁላችንም ለቀብር ዕድር አለን፤ ለኒካሕ ግን የለንም። በየመስጊዱ ጀመዓ በወር ጥቂት ብር እያዋጣ ድሃ ወጣቶችን ቢድር ምን ይከብደናል?

የሰው ዋጋ አላህ ዘንድ በተቅዋ መሆኑን ሱረቱል ሑጁራት ነግሮናል። ከወንዶች የተሻለው ለቤተሰቡ የተሻለው መሆኑንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። የጎረቤቶቻችንን ሚዛን ስንተች የእኛ ሚዛን ቤታችን ውስጥ ተሰቅሎ ካልታየ ማንም አይሰማንም።

አላህ ቤቶቻችንን የሰኪና ቤት ያድርግልን፤ ወንዶች ልጆቻችንን በዲናቸውና በጠባያቸው የከበሩ፣ ሴቶች ልጆቻችንን መልካም ባል የተቸሩ ያድርጋቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።