የቡሶላ ሐዲድ

በመሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ቡሶላ ከተበተነ የሚፈለገው 10 ቁጥር ሁልጊዜ ከታች ነው። ከዚህ ፍለጋ የሚገላግለው ቀጭን የአሉሚኒየም ሐዲድ ነው፤ በላዩ የሚንሸራተቱት መያዣዎች በቡሶላው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ቀጭ ብለው ይገባሉ። ለ3/8 ኢንች ቀዳዳ የተሠራ መያዣ ለ1/4ቱ ስለማይሆን ሲገዛ ልኩን ማየት ያሻል።

ቶዮታው በሚሊሜትር፣ አሮጌው አሜሪካ ሠራሽ መኪና በኢንች ይፈታል። ራሱ ግማሽ ኢንች የሆነ ቡሎን 12.7 ሚሊሜትር ነውና 13 ቁጥር ቡሶላ ይገባለታል፤ ግን ላላ ስለሚል የጠበቀውን ቡሎን ጠርዝ ይበላዋል። ለሚሊሜትሩና ለኢንቹ ሁለት ሐዲድ ለይቶ መያዝ ይህን ስህተት ያስቀራል። የፕላስቲክ ሣጥን ያምራል፣ ቦርሳውን ግን ይሞላዋል። ሐዲዱ ላይ ባዶ የቀረ መያዣ ደግሞ ሞተሩ ላይ የተረሳ ቡሶላ እንዳለ ኮፈኑ ሳይዘጋ ያሳብቃል።