ከካርቶን ጋሻው ወዲያ፦ የጥቁር ሕዝብ ታሪክና የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ

አገር ሰላም ሆኖ ደወል በሰዓቱ በሚደወልበት ዓመት፣ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ የጎጃም ትምህርት ቤቶች ግቢ ይሟሟቃል። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ግጥም ያሰባስባል፤ ወንዶቹ ከአያት ቤት በተዋሱት ጎፈር፣ ካልተገኘም በካርቶን ጋሻ ፉከራ ይለማመዳሉ፤ ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተው የእቴጌ ጣይቱን ቦታ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። የካቲት 23 ሲደርስ «ዓድዋ የጥቁር ሕዝብ ድል» የሚል ጨርቅ ይሰቀላል፤ ታሪኩ በአጭሩ ይነበባል፤ ይሸለላል፤ ይጨበጨባል። በማግስቱ ትምህርት እንደተለመደው ይቀጥላል።

ይህ በዓል የምወደው በዓል ነው። ይሁን እንጂ በጨርቁ ላይ የተጻፈው የጥቁር ሕዝብ ጉዳይ ከጨርቁ ወርዶ ወደ ክፍል ሲገባ አይታይም። ድሉ ለሌሎች ጥቁሮች ምን እንዳደረገላቸው ሳይነገር ያልፋል። ከጦር ሜዳ ውጭ ጥቁር ሕዝብ ምን ሠራ የሚለው ጥያቄ ጭራሽ አይነሣም። ለበደለኛነታችን ደግሞ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ስፍራ የለም። እነዚህን ሦስት ጉዳዮች ለማስተማር የመርጡለ ማርያምን ያህል የተመቸ ቦታ በምሥራቅ ጎጃም አላውቅም።

አስቀድሞ በዓሉን ከአሜሪካው አቻው፣ ከጥቁሮች ታሪክ ወር ጋር እናስተያየው። ካርተር ዉድሰን ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች በ1875 እ.ኤ.አ. ተወልደው፣ በወጣትነታቸው የድንጋይ ከሰል ቆፍረው፣ በ1912 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ ሰው ነበሩ። በ1915 የጥቁሮችን ሕይወትና ታሪክ የሚያጠና ማኅበር መሠረቱ፤ በማግስቱ ዓመት መጽሔት አወጡ፤ በ1926 ፌብሩዋሪ ላይ የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን አስጀመሩ። ዛሬ በአሜሪካ ወር ሙሉ የሚከበረው በዓል ሥሩ ይኸው ነው። ከቅደም ተከተሉ እንደምናየው በዓሉ የመጣው ከጥናቱ በኋላ ነው። ከሳምንቱ አስቀድሞ ማኅበሩ፣ መጽሔቱና በ1922 የታተመው የታሪክ መጽሐፋቸው ነበሩ። በ1937 ደግሞ በተለይ ለመምህራን የተዘጋጀ ሌላ መጽሔት ጀመሩ። ዉድሰን ሳምንቱን ያዩት የነበረው ዓመቱን ሙሉ የተጠናው ለሕዝብ የሚታይበት ጊዜ አድርገው ነው። የእኛ ትምህርት ቤቶች በዓል ግን የሚያሳየው የዓመት ጥናት ሳይኖር የሚታይ ነው። የአንድ ሰሞን ግርግር ሆኖ የሚቀረውም ለዚህ ይመስለኛል።

የእነርሱ ወር በፌብሩዋሪ ማብቂያ ሲዘጋ የእኛ የካቲት 23 በሁለተኛው ቀን ይከተላል። መቀራረቡ የአጋጣሚ ነው፤ የሁለቱ ታሪክ ዝምድና ግን የአጋጣሚ አይደለም። የሄይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቪያን ከዓድዋ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ ከአፄ ምኒልክ ደጅ ደርሷል። በ1900 በለንደን በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤም ተገኝቷል። ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1922 ጀምረው የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ፣ ከዚያም ውስጥ የኢትዮጵያን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ እየተጠራጠሩ አስተምረዋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌደሬሽንን አቋቁመው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ አስተባብረዋል። የጎጃም ተማሪ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ዓድዋ መዝመት ያውቃል። ያ ድል ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን እንዳደረገ ግን የነገረው የለም።

አሁን ወደ መርጡለ ማርያም። በእነብሴ ሳር ምድር፣ ከተማዋ ስሟን ባገኘችበት ደብር ግቢ፣ የተጠረበ ድንጋይ ግንብ ፍርስራሽ ይታያል። የአካባቢው ትውፊት ደብሩን እስከ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል። ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ግንቡን ከእቴጌ እሌኒ ጋር ያያይዙታል። ቅስቶቹን፣ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉትን አበቦች፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዙትን ሐረጎች ቀርቦ ላየ ሰው፣ መሮው በእያንዳንዱ የአበባ ቅጠል ጠርዝ የት ገብቶ የት እንደወጣ ይታወቀዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚወጣው ድንጋዩን ከሚያውቅ እጅ ነው።

እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ፤ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልደው የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት ሆኑ። አፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ ሞግዚት ሆነው መንግሥቱን የመሩት እርሳቸው ነበሩ። አርመናዊውን ማቴዎስን መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እርሳቸው ናቸው፤ ማቴዎስ በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ገባ፤ የፖርቱጋል ልዑካን በ1520 አገራችን ደረሱ። በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ሐድያና ጎጃም፣ እስልምናና ክርስትና፣ የቤተ መንግሥት አስተዳደርና የውጭ ግንኙነት ተገናኝተዋል። በየካቲት 23 መድረክ ላይ የምትታየው ሴት ጣይቱ ብቻ ሆና መቅረቷ፣ ያውም እሌኒ ያሠሩት ግንብ ባለበት ወረዳ፣ ሊቆጨን ይገባል።

ድንጋዩን ማን ጠረበው? ከግብፅ የመጡ ጠራቢዎች ናቸው ያለ አለ። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እዚያው ቦታ ላይ ሠርተዋል፤ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ የተለያዩ ዘመናት እጅ ያረፈበት ነው። አንዳንድ መምህር ይህን ሲሰማ ርእሱን ማለፍ ይቀናዋል፤ የውጭ እጅ ካለበት የእኛ ክብር ይቀንሳል ብሎ ይሰጋልና። ስጋቱ ምክንያት አለው። ሮዴሲያን ይገዙ የነበሩ ነጮች ታላቁ ዚምባቡዌ የሚባለውን ጥንታዊ የድንጋይ ግንብ ጥቁር አልሠራውም እያሉ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ነበር፤ አርኪዮሎጂስቷ ጌርትሩድ ካተን ቶምፕሰን በ1929 እ.ኤ.አ. ቆፍራ የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን ብታሳይም ክርክሩ ቶሎ አልቆመም። ለእንዲህ ያለ ክህደት መልሱ ግን ማስረጃን መሸሽ አይደለም። ካተን ቶምፕሰን የረታችው አፈሩን በንብርብሩ እየለየች በማንበቧ ነው። የመርጡለ ማርያም ተማሪም የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ዕቅዱ የማን፣ ወጪው የማን፣ ጉልበቱ የማን እንደነበር መጠየቅን ቢለምድ፣ ከማንኛውም ፉከራ የበለጠ ትጥቅ ያገኛል።

ጉልበቱ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ወደ ራሳችን ይመለሳል። በጎጃም ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን ቡዳ ማለትና ከጋብቻ ማግለል የቆየ ነውር ነው። ዓድዋ ላይ ድል ያደረጉት ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው ባለእጅን መስደብ በአዋጅ መከልከላቸው የነውሩን ስፋት ያሳያል። የጥቁር ሕዝብ ጥበብ ብለን በጭብጨባ የምናነሣው ሥራ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ነው፤ ልጆቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ።

ከዚህ የሚከብድም አለ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ነበር። የመርጡለ ማርያምን ፍርስራሽ አይቶ የጻፈው መግለጫ በ1847 ለንደን ላይ ታትሟል፤ ስለ ደብሩ ግንብ በውጭ አገር ከታተሙ ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው። ይኸው ሰው የባሶን ገበያም ገልጿል። ባሶ ከዓባይ ማዶ ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱ የሚመጣበት የጎጃም ትልቅ ገበያ ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ በአንድ ተጓዥ ብዕር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ምድር፣ የእሌኒ ግንብና የባሪያ ገበያ ጎን ለጎን ተመዝግበው ይገኛሉ። ከቆላው የጉሙዝ ሕዝብም ሰው እየተፈነገለ ይጋዝ ነበር፤ የቆዳው ጥቁረት መናቂያው ሆኖበት ኖሯል። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ድል ከዚያ በ46 ዓመት ይቀድማል። ድሉን የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ለማለት የምንደፍር ከሆነ የጉሙዙን ልጅ ታሪክ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አንችልም። ዉድሰን እኮ የባሪያ ልጅ ነበሩ፤ የባርነትን ታሪክ አስቀርተው የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት ማክበር የሚታሰብ አልነበረም።

አዲስ አበባ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ትልቅ ሥራ ነው። የመርጡለ ማርያም ተማሪ ግን አብዛኛው አያየውም፤ የሚያየው የደብሩን ፍርስራሽ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤት በር ተዘግቶ፣ ለብዙ ሕፃናት የካቲት 23 እንደማንኛውም ቀን አልፏል። በሩ ሲከፈት የድሮው መርሐ ግብር እንዳለ መመለሱ አይበቃም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከካህናቱ ፈቃድ ተጠይቆ፣ የሥዕል ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች የተቀረጹትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ይሳሉ፤ የሒሳብ መምህሩ ልኬቱን ያስይዝ። ሌሎቹ ከሊቃውንቱ ስለ እሌኒ የሚተረከውን ይጻፉ፤ ከመጻሕፍት ጋር የሚስማማውንና የማይስማማውን ይለዩ። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የባሶን ገበያ ታሪክ ይያዙ። ሸክላ ሠሪዋ እናትም ወደ ትምህርት ቤት ተጠርታ፣ ጭቃው ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚታሽ፣ ሙያውን ማን እንዳስተማራት፣ በገበያ ስትሸጥ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራት ትናገር፤ ተማሪዎቹም በስሟ ይመዝግቡት።