ከዓለም ገና የተነሣ መንገደኛ፤ ስለ ፈለር መጽሐፍ 3ኛ ምዕራፍ

ዓለም ገና በአዲስ አበባና በሰበታ መካከል በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች። አንድ መንገደኛ ከዚያ ቆሞ ሳንቲም እየወረወረ፥ ዘውድ ሲወጣለት አንድ እርምጃ ወደ አዲስ አበባ፥ ጎፈር ሲወጣለት አንድ እርምጃ ወደ ሰበታ ይሄዳል እንበል። ከተነሣበት ስፍራ ዳግመኛ ይደርሳልን? ይህን ለጓደኞቻችን ባቀረብንላቸው ጊዜ አብዛኞቹ፥ «ዕድሉ እኩል ነውና ወዲያና ወዲህ ሲል ቶሎ ቶሎ ይመለሳል» አሉን። እኛም የዊልያም ፈለርን መጽሐፍ እስክናነብ ድረስ ከእነርሱ አልተለየንም ነበር።

ስለ ፕሮባቢሊቲ የጻፈው ይህ መጽሐፍ 1ኛ ቅጹ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ወጥቶ በ1968 ለ3ኛ ጊዜ ታተመ። 3ኛው ምዕራፍ መልሱን የሚያገኘው በመቍጠር ነው። በ4 እርምጃ የሚቻሉት መንገዶች 16 ናቸው። በ4ኛው እርምጃ ከመነሻቸው የሚገኙት 6 ሲሆኑ፥ መነሻቸውን አንድ ጊዜም ሳይረግጡ የሚቀሩትም 6 ናቸው፤ የሚጠራጠር እርሳስ ያንሣ። ይህ እኩልነት እርምጃዎቹ ተጋማሽ ቍጥር በሆኑ ጊዜ ሁሉ ይጸናል። በ10 እርምጃ ከ1,024 መንገዶች 252ቱ፥ ማለት ሩብ ያህሉ፥ አይመለሱም። ጆርጅ ፖልያ በ1921 እንዳስረዳው በቀጥታ መንገድ የሚሄድ እንዲህ ያለ መንገደኛ ውሎ አድሮ መመለሱ አይቀርም፤ ነገር ግን የሚጠበቅበት አማካይ ጊዜ ወሰን የለውም። የጓደኞቻችን ስሕተት «መመለሱ አይቀርም» እና «ቶሎ ይመለሳል» የሚሉትን አንድ ማድረጋቸው ነው።

የምንነቅፈው ግን አለን። ፈለር ለመቍጠር የሚጠቀምበት ዘዴ፥ መንገደኛው መነሻውን እስኪረግጥ የሄደውን ክፍል በመስተዋት እንደሚታይ ወደ ማዶ መገልበጥ ነው። ዘዴውንም የሙያው ጽሑፎች ለዴዚሬ አንድሬ እንደሚሰጡ ጠቅሶ ያልፋል። አንድሬ በ1887 የጻፈው፥ በምርጫ ያሸነፈው ሰው ከቈጠራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲመራ የሚቈይበት ዕድል ስንት ነው ለሚለው ለቤርትራን ጥያቄ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን መስተዋት የለም። መሪነቱን ባፈረሰው ድምፅ ላይ ተራውን ይቈርጥና የፊቱንና የኋላውን ክፍል ያለዋውጣል። ለፈለር ያህል ሊቅ «ይሰጣሉ» ማለት ምን ይረባል? እኛም እርሱን አምነን በቤት ሥራችን አንድሬን ላልሠራው ስናመሰግን ቈይተናል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ወደ ሰበታ የሚወስደው እርምጃ የሌላው እጥፍ ቢሆን፥ መንገዱ ሲገለበጥ ያልተፈቀደ እርምጃ ይወጣልና ተራው መስተዋት አይሠራም፤ የአንድሬ ቈርጦ ማለዋወጥ ግን በጥቂት ለውጥ ይሠራል።