ስለ እናት የሚነበብ የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን በወረቀት ጽፎ ከቀብሩ በፊት በሕዝብ ፊት ማንበብ የጸና ልማድ ሆኗል። ልማዱ የትልልቅ ከተሞች ብቻ አይደለም፤ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው በእኛ በሸኮ አገርም ከገባ ቆይቷል። እኔም እስከ ጡረታ ድረስ በመምህርነት ስላገለገልሁ፥ በሰፈሩ ኀዘን በሆነ ቍጥር ወረቀትና እስክሪብቶ የሚቀርበው ለእኔ ነበር። ስንቱን እንደ ጻፍሁ አላስታውሰውም።

ልብ ወለድንና ግጥምን የሚመረምሩ ሰዎች ሞልተዋል። ይህን የቀብር ጽሑፍ ግን እንደ ድርሰት ቈጥሮ መልካሙን ከመጥፎው የለየ ሰው አላጋጠመኝም። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስበው፤ ለአብዛኛዎቹ እናቶቻችን በዕድሜያቸው ሁሉ ስለ እነርሱ የሚጻፈው ይህ አንድ ገጽ ብቻ ነው። እርሱም የሚነበበው መስማት ካቆሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ሊመረመር ይገባዋል።

የሌላውን ሰው ኀዘን በቀይ ቀለም ማረም ነውር ስለ ሆነ፥ የማርመው የራሴን ነው። እናቴ በ2011 ዓ.ም. ያረፈች ሌሊት ተቀምጬ የጻፍሁት ወረቀት እስከ ዛሬ በእጄ አለ። የተማሪ ድርሰት እንደማርም ሆኜ አነበብሁት፤ ከዐሥር አራት ብቻ ሰጠሁት።

የመጀመሪያው ስሕተት ከመጀመሪያው መሥመር ይጀምራል። «በ1933 ዓ.ም. ተወለዱ፥ አደጉ፥ ትዳር ያዙ» እያለ ይሄዳል። እናቴን በሕይወቷ ሳለች አንቺ እያልሁ ነበር የኖርሁት፤ በሞተች ማግሥት አንቱ አልኋት። አንቱታ ክብር ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን እኔ በአንቱታው የተጠለልሁት ስለማከብራት ብቻ አልነበረም፤ እንደ እንግዳ ሴት አድርጎ መጻፍ ስለሚቀል ነው። የልደቷንም ዘመን እርሷ በቍጥር ተናግራው አታውቅም። «ጣሊያን ሲወጣ እናቴ አዝላኝ ጫካ ገብታ ነበር» ትል ነበር እንጂ። እኔ ጫካውንና አዝላ የሸሸችውን እናት ጥዬ ቍጥሩን ብቻ አስቀረሁ።

ሁለተኛው ስሕተት፥ የገጹ እኩሌታ ስለ እርሷ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ልጅ መምህር፥ ሁለተኛዪቱ ነርስ፥ ሦስተኛው ነጋዴ፥ የልጅ ልጆች ይህን ያህል ይላል። ለቀስተኛው ይህን ሰምቶ ያደነቀው እኛን ነው። በየማለዳው የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልታ፥ «ጨሞ ደርሷል» ብላ ጎረቤቱን የምትጠራው ሴት በዚያ ወረቀት ላይ የለችም። የተጣሉ ጎረቤታሞች እንኳ ቢሆኑ አንድ ላይ ጠርታ፥ ጨሞውን ሳይጨርሱ እንዲነሡ አትፈቅድም ነበር። ስለ ዕርቅ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ሲሠራ ያየሁት ግን በዚያ ምድጃ አጠገብ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውሸት ነውና። «ለትምህርት ከነበራቸው ጽኑ ፍቅር የተነሣ ልጆቻቸውን አስተማሩ» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ለብዙ እናቶች ጽፌው ነበርና እጄ ለምዶታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1959 ዓ.ም. ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰዎች መጥተው ልጁን ስጪን ባሏት ጊዜ፥ እናቴ አልሰጥም አለች። «ሄዶ ሲመለስ በእኔ አፍ አይናገርም» አለች። ያን ዓመት በማማ ላይ ሆኜ በቆሎውን ከዝንጀሮ ስጠብቅ ከረምሁ። በሚከተለው ዓመት ጀንፈሏን ተሸክማ ገበያ ስትወርድ፥ አንድ ነጋዴ ደብተሩን ገልጦ የማታውቀውን ዕዳ አነበበላት። ማንበብ አልቻለችምና መከራከር አልቻለችም። ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ያን ዕለት ማታ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፥ «ነገ ትሄዳለህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በሰው ማሳ ቡና እየለቀመች ደብተሬንና ቁምጣዬን ገዛች።

እንግዲህ ፍረድ። ትምህርትን ስትወድ የተወለደች ሴት ትበልጣለችን? ወይስ ልጇን እንዳታጣ ፈርታ እንቢ ያለች፥ በኋላም ፍርሃቷን ይዛ የሰደደችው? እኔ ለማሞገስ ብዬ ትልቁን ነገር በትንሹ ለወጥሁት። በመቃብር ላይ የምናፈስሰው ምስጋና ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሟችን ከፍ እናደርጋለን እያልን ከነበረችበት ዝቅ እናደርጋታለን።

ፍርሃቷም ከንቱ አልነበረም። ወረቀቱን በዐማርኛ አንብቤ ስጨርስ፥ አብረዋት ቡና ሲለቅሙ ያረጁት እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር። ከእነርሱ አንዲቱ ወደ እኔ ቀርባ በሸኮኛ፥ «ልጄ፥ ያነበብህልን ስለ ማን ነው?» አለችኝ። በነቀፋ አልነበረም፤ በእውነት አልገባትም ነበር። እናቴ በኖረችበትና በመከረችኝ ቋንቋ አንዲት ቃል አላልሁም። ሄዶ ሲመለስ በእኔ አፍ አይናገርም ያለችው በመቃብሯ ላይ ደረሰ።

ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች በዚህ ነገር ይበልጡናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. የልቅሶ ዜማ ግጥም የሚባል መጽሐፍ አሳትመዋል። ልቅሶ በማተሚያ ቤት ሊከበር የሚገባው ድርሰት መሆኑን ያን ጊዜ ዐውቀው ነበር። ጥሩ ሙሾ አውራጅም ከማልቀሷ በፊት የሟችን ጠባይና ሙያ ትጠይቃለች፤ የአንዱን ሙሾ ለሌላው ብትሰጥ ለቀስተኛው ያውቅባታል። እኔ ግን አንዱን ዐረፍተ ነገር ለሁሉ ስሰጥ ኖሬ ማንም አላወቀብኝም።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላም መጽሐፍ አላቸው፤ ስሙ ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ይባላል። ስሙ ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የአባት መታሰቢያ ሐውልት ሳይሆን ልጅ የሚይዘው ምክር መሆኑን ይናገራልና። ነገር ግን ይህን ስም ባነበብሁ ቍጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ የእናትስ መታሰቢያ የት አለ? አባት ፊደል ስለሚያውቅ የራሱን መታሰቢያ ራሱ ጻፈ። እናቶቻችን ግን ምክሩን በምድጃና በገበያ መንገድ ላይ ሰጡን እንጂ አልጻፉትም። ስለዚህ የእናት መታሰቢያ የልጅ ዕዳ ነው፤ ልጁ ካልጻፈው ከእርሷ ጋር ይቀበራል።

ባዕድ አገርም የዚህ ዐይነት ታሪክ አለው። አና ጃርቪስ የምትባል አሜሪካዊት እናቷ በ1905 እ.ኤ.አ. ሞተችባት። በ1908 እ.ኤ.አ. በግራፍተን ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ጸሎት እንዲደረግ አደረገች፤ እናቷ ትወደው የነበረውን ነጭ አበባም ላከች። በ1914 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ዊልሰን የእናቶችን ቀን በዐዋጅ አጸናው። ነገር ግን ነጋዴዎች አበባውን ሲያስወድዱና ልጆች ሌላ ሰው የጻፈውን የታተመ ካርድ እየገዙ ሲልኩ ባየች ጊዜ፥ ራሷ ያቆመችውን በዓል እስከ መቃወም ደረሰች፤ በ1948 እ.ኤ.አ. እስክትሞትም ከዚህ ሐሳብ አልተመለሰችም። ብዙዎች ግትር ይሏታል። እኔ ግን ለሁሉ የጻፍሁትን ያን ዐረፍተ ነገር ሳስብ ሐሳቧ ይገባኛል።

በእናቴ ሙት ዓመት እነዚያን እናቶች ጠርቼ ጨሞ አፈላሁ፤ አልጣፈጠም፥ ሳቁብኝ። ከዚያም አዲስ የጻፍሁትን በሸኮኛ አነበብሁላቸው። ሸኮኛ የቃሉን ትርጕም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለይ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ በፊደላችን ስጽፈው ይህን ከፍታና ዝቅታ ሊይዝልኝ አልቻለም፤ አንዳንዱን ቃል ራሴ የጻፍሁትን ተሳስቼ አነበብሁት። እነርሱ ግን አረሙኝ። ስለ ነጋዴው ደብተር ስደርስ ያችው አሮጊት አቋረጠችኝና፥ «ያን ዕለት መንገድ ላይ አልቅሳለች፤ ለአንተ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር» አለች። ይህን ጨምሬ ጻፍሁት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እናትህ በሕይወት ካለች ደብተር ይዘህ ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀመጥ። ምን እንደ ፈራች፥ ማን እንደ በደላት፥ ምን እንደምትወድ ጠይቃት፤ የምትለውንም በራሷ አፍ ጻፈው። ካረፈችም ጓደኞቿ ሳያልፉ ቶሎ ድረስባቸው። ወላጅን የማክበር ትእዛዝ በመቃብር አይቆምምና፥ ወረቀቱን ለሕዝብ ከማንበብህ በፊት ለአንዲት ለምታውቃት አሮጊት አንብብላት። «ይህች ማን ናት?» ካለችህ ቅደደውና እንደገና ጀምር።