የባህር ዛፍ መዝጊያ

በጌዴብ ወረዳ ባንኮ ጎቲቲ ያየሁት በር ከሩቅ የሚያስቆም አይደለም። የአንድ አናጢ ወርክሾፕ ባለ ሁለት ተከፋች በር ነው፤ ቀለም አልነካውም፣ ጌጥም የለበትም። መጀመሪያ ከሥሩ የቆምኩት ዝናብ ለመጠለል ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ግን ገና አይቼ አልጨረስኩም።

እንጨቱ ባህር ዛፍ ነው። ለአጥር፣ ለማገርና ለማገዶ ካልሆነ ለመዝጊያ ባህር ዛፍን የሚመኝ አናጢ ብዙ የለም። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ጠንካራ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፤ ግን ግንዱ በውስጡ ውጥረት ይዞ ነው የሚያድገው። ሲሰነጠር ያ ውጥረት ይለቀቅና ሳንቃው ይጣመማል፣ ጫፉ ይተረተራል። ሲደርቅም ክፉኛ ይኮማተራል። ርካሽ የሆነው ከነጠባዩ ስለሚሸጥ ነው።

ዋንዛ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። ጌዴኦዎች ወደሳ የሚሉት ይህ ዛፍ አንዴ ከደረቀ ቅርጹን አይለቅም፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ልቡን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ጥድም ዝናብ ይችላል። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በጓሮ የበቀለው ዋንዛና ብርብራ ደግሞ ለቡናውና ለእንሰቱ ጣሪያ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው አብረው ስለሚኖሩበት ነው። እዚህ አገር ለመዝጊያ ተብሎ አንድ ዋንዛ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ቡና ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ግራቪሊያም አለ፤ መልኩ ያምራል፣ ደጅ ሲውል ግን ቶሎ ይበሰብሳል። የፈረንጅ ጥድ ቀላልና ቀጥ ያለ ነው፤ ለቤት በር እኔ እሱን እመርጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲገፋና ሲመታ ለሚውል የወርክሾፕ በር ግን ትንሽ ይለሰልሳል። አናጢው ባህር ዛፍን መርጦ ጠባዩን መግራት ያዘ።

መግራቱ የሚጀምረው ከማድረቅ ነው። ከወርክሾፑ ጎን ሳንቃዎች ጥላ ሥር ተደርድረዋል። በመካከላቸው ነፋስ የሚያስገባ ቀጭን እንጨት ገብቷል፤ ጫፍ ጫፋቸው ቀለም ተቀብቷል፣ እርጥበቱ በዚያ በኩል ሮጦ ወጥቶ እንዳይሰነጥቃቸው። ባንኮ ጎቲቲ ማድረቅን የሚያውቅ አገር ነው። የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እየተገላበጠ፣ ቀትር ላይ እየተሸፈነ፣ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ፀሐይ ካጣደፈው ገለባው ይሰነጠቃል። እንጨትም ሲያጣድፉት ይሰነጠቃል። ልዩነቱ ቡናው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲበቃው፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ሳንቃ በጥላ አንድ ዓመት ያህል መፈለጉ ነው።

አሁን ወደ መዝጊያው ቀረብ እንበል። ሳንቃዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ሰፊ ሳንቃ እንደ ቅርፊት ይቆለመማል፣ ጠባቡ ግን መኮማተሩን ከጎረቤቶቹ ጋር ይካፈላል። እርስ በርስ የተያያዙት በወንዴና ሴቴ ነው፤ በመካከላቸውም የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ተትቷል። ክረምት እንጨቱን ሲያሳብጠው ክፍተቱ ይዘጋል፤ በጋ ሲመጣ ይከፈታል፣ ወንዴው ግን ብርሃን አያስገባም። እያንዳንዱን ሳንቃ ከአግዳሚው ጋር የያዘው መሃሉ ላይ የገባ አንድ ብሎን ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ለመንቀሳቀስ ነፃ ነው። ብሎኑም ቀዳዳው አስቀድሞ ተበስቶለት እንጂ በመዶሻ ተገፍቶ አልገባም። የብሎኖቹ አናት ስንጥቅ ሁሉ ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ብሏል፤ ውሃ አያቁርባቸውም።

ከኋላ ያለው ሰያፍ እንጨት ከታችኛው ማጠፊያ ተነስቶ ወደ ላይኛው መክፈቻ ጥግ ይወጣል፤ የመዝጊያው ክብደት በእሱ ላይ ተንሸራቶ ወደ መቃኑ ያርፋል። ይህን ገልብጠው የመቱት በር ነው ከዓመት በኋላ መሬት የሚያርሰው። መቃኑ በድንጋይ ላይ ቆሟል እንጂ አፈር አልነካም። የሳንቃዎቹ እግር የተቃጠለ ዘይት ጠጥቷል፤ ጠርዙም ወደ ውስጥ ሰያፍ ተደርጎ ስለተላገ ውሃው በውጭው ከንፈር ብቻ ይንጠባጠባል።

እንከን አልባ አይደለም። ከግራ ሦስተኛው ሳንቃ አናቱ ላይ ጠመም ብሏል። አናጢው አልደበቀውም፤ ከፍ ያለውን ጥግ በመላጊያ አንስቶ ከጓደኞቹ ጋር አስተካክሎታል። እጅ ሲያልፍበት ይታወቃል፣ ዓይን ግን ያልፈዋል።

ልሄድ ስል አንዱን ተከፋች በአንድ ጣት ገፋሁት። ያ ሁሉ ክብደት ያለ ድምፅ ተነሳ፤ ጣቴን ሳነሳም እዚያው፣ እኩሌታው ላይ ቆመ። አልተመለሰም፣ አልተንሸራተተም። ከታችኛው ከንፈሩ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ቆየችና ድንጋዩ ላይ ወደቀች።