ከአጥንት በፊት የቆመ አጥንት

ፍሎራይድ የበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሲያዩት እንከን የለበትም። ኩልል ያለ ነው፤ ፍሎራይዱ አይሸትም፣ በምላስም አይታወቅም። ማፍላት አያስወግደውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ላይ ይበረታል እንጂ። ጉዳቱ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ ነው። በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲከፋም አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደድራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ መጠኑ ከ10 ሚሊ ግራም የሚያልፍባቸው ጉድጓዶች አሉ። ከወንጂ እስከ መቂና ዝዋይ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

ይህን ውሃ ከሚያክሙት ዘዴዎች መካከል ልቤን የሚወስደው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው። በኬንያ የናኩሩ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በእኛ አገርም ኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት ኤዋግ ከተባለው የስዊዘርላንድ የውሃ ምርምር ተቋም ጋር በመተባበር ሞጆ ላይ የአጥንት ከሰል ማምረት ጀምሮ ነበር። ከውጭ ሲታይ በከሰል የተሞላ በርሜል ወይም ታንከር ነው፤ ውሃ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ጥበቡ ያለው ከክዳኑ ሥር ነው።

አጥንትን አጥንት ያደረገው ማዕድን ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ነው፤ በውስጡም ሃይድሮክሳይድ አለ። ፍሎራይድ በመጠኑ ከሃይድሮክሳይድ ጋር ስለሚቀራረብ እሱን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። የጥርሳችንም ማዕድን ይኸው ነው። ልጅን የሚጎዳው ጠባይ ፍሎራይድን ለማጥመድም የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ የሰው አጥንት ላይ ከመድረሱ በፊት የከብት አጥንት መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ይህን ያሰበ ሰው መርዙን በጉልበት ሳይሆን በራሱ ምርጫ ነው የያዘው።

ሥራው ከእሳቱ ይጀምራል። የደረቀው አጥንት ምድጃ ውስጥ ገብቶ፣ ከሰል አክሳይ ክምሩን በአፈር ደፍኖ አየር እንደሚነፍገው ሁሉ፣ በትንሽ አየር ብቻ ይከስላል። ሙቀቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ካነሰ ስቡና ሥጋ ነክ ቅሪቱ በደንብ አይቃጠልም፤ ውሃው ቢጫ ይሆናል፣ ይሸታል፣ አንዴ የቀመሰውም ሰው ተመልሶ አይመጣም። ከበዛ ደግሞ የአጥንቱ ረቂቅ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ መልኩ ያማረ ግን ፍሎራይድ የማይዝ ከሰል ይወጣል። ፈተናው አንዱን ወፍራም አጥንት ሰብሮ ልቡን ማየት ነው። እስከ ውስጥ ድረስ እኩል ጠቁሮ ከሆነ ጥሩ ነው፤ መሃሉ ቡናማ ከሆነ እሳቱ አልደረሰውም፤ ወደ ነጭነት ካደላ አየር በዝቶበት ነዷል።

ቀጥሎ መፍጨትና መንፋት ይመጣል። ፍርፋሪው ከደቀቀ ፍሎራይድን ፈጥኖ ይይዛል፤ ውሃው ግን ለማለፍ ይቸገራል። ከተለቀ ውሃው እንደ ልቡ ያልፋል፤ ፍሎራይዱ ግን ወደ ፍሬው ልብ ለመዝለቅ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ይለያል፤ ብናኙ እስኪጠራ ይታጠባል። ሲሞላም በችኮላ አይዘረገፍም። በፍሬዎቹ መካከል የታሰረ አየር ወይም ሳይሞላ የቀረ ክፍተት ካለ ውሃው ቀላሉን መንገድ መርጦ በዚያ ይሾልካል፤ የተቀረው ከሰል ሳይሠራ ይቀመጣል። ውሃውን ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ማስገባት አየሩን እየገፋ ያስወጣዋል። በርሜሉ ከፍሬው መጠን አንጻር ሰፊ መሆን ያለበትም ከግድግዳው ጥግ ሁልጊዜ የላላ ክፍተት ስለሚኖር ነው።

ሥራው ሲጀመር ፍሎራይዱ በመላው ከሰል ላይ አይበተንም። መጀመሪያ ውሃው የሚገባበት ወገን ይያዛል፤ እሱ ሲጠግብ ትግሉ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። የሚሠራው ቀጠና እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ወደ መውጫው ይጓዛል። በደንብ በተሠራ ማጣሪያ ይህ ቀጠና ጠባብ ነው፤ ከኋላው ያለው ከሰል ጠግቧል፣ ከፊቱ ያለው ገና አልተነካም። ስለዚህ አብዛኛው ከሰል ሳይባክን ለወራት ንጹህ ውሃ ይወጣል። ያለ ልክ የተነፋና በጥድፊያ የተሞላው ግን ግማሽ ከሰሉን ሳይጠቀምበት ፍሎራይድ ማሳለፍ ይጀምራል። የሠሪው እጅ ማማሩ የሚታወቀው ከመውጫው በሚቀዳ ናሙና ነው።

የእጅ ጥበቡ ብቻ ግን አይበቃም፤ አጥንቱ የማን ዕርድ ነው፣ በፆምስ ይጠጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይገባዋል። ከአጥንቱ ምንጭ እስከ ምድጃው ሥራውን ሳይደብቅ የሚያሳይ ሠሪ ያስፈልገዋል።

የሚሠራው ቀጠና ተጉዞ መውጫው ጋ የደረሰ ዕለት ውሃው መልኩንም ጣዕሙንም አይለውጥም። ትናንት እንደነበረው ኩልል እንዳለ ይወርዳል፤ ፍሎራይዱ ግን ተመልሷል። ስለዚህ በየጊዜው የሚለካ ሰው ከሌለ፣ የጠገበውን ከሰል የሚለውጥ ወይም በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ የሚያድስ ከሌለ፣ ያ ሁሉ ጥበብ ሰውን የሚያዘናጋ በርሜል ይሆናል። ማጣሪያ ሲተከል ሪባን የሚቆረጥለት ግንባታው ነው። በእኔ እምነት ግን የመለኪያውና የመለወጫው ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ ናሙና ይዞ የሚመላለሰው ሠራተኛም እሳቱን ከጠበቀው ሰው እኩል ባለሙያ ተብሎ ሊከፈለው ይገባል።