ጥፋቱ የማን ነው?

ናይጄሪያዊው ጸሐፌ ተውኔት ኦላ ሮቲሚ የሶፎክልስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» ወደ ዮሩባ ምድር ወስዶ፣ «ጥፋቱ የአማልክት አይደለም» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1968 በኢፌ ከተማ ለሕዝብ ሲያቀርብ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ነበር። ተውኔቱ የታየበት የኦሪ ኦሎኩን ማእከል ገላጣ ግቢ የኢፌ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪ ጋር በኪነ ጥበብ የሚገናኝበት ሥፍራ ነበር። ሥራው መመዘን ያለበት ከዚህ ወቅትና ቦታ ጋር ተያይዞ ነው።

በግሪኩ ትራጀዲ ኤዲፐስ አባቱን የሚገድለው በመንገድ ላይ በተነሣ ጠብ ነው፤ ግድያውም በትረካ ይነገራል እንጂ አይታይም። ሮቲሚ ግን ጠቡን የእርሻ ጠብ አድርጎ በተመልካች ፊት ያሳየዋል። ኦዴዋሌ ራሱን መግዛት የሚያቅተው ሽማግሌው ነገዱን ሲሰድብበት ነው። በዚህም የጥፋቱ ሥር ከሰማይ ወርዶ በሰው ልብ ውስጥ ባለው የጎሣ ጥርጣሬ ተተከለ።

ይሁን እንጂ ተውኔቱ አንድ ጉድለት አለበት። ሕፃኑ ገና ሲወለድ አባቱን እንደሚገድል ተተንብዮአል፤ ታዲያ ዕጣው አስቀድሞ የተቆረጠለት ሰው በምን ይጠየቃል? ደራሲው የተሟላ መልስ አይሰጥም። ሆኖም ትንቢቱ የሚናገረው ምን እንደሚሆን ነው፤ እንዴት እንደሚሆን የሚወስነው የኦዴዋሌ ቁጣ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ የተውኔቱን ክብደት ከትንቢቱ አንሥቶ በስድቡ ላይ ማሳረፍ ይገባዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ በሚቀመጥበት ግቢ፣ ያ ስድብ ለማን እንደ ተወረወረ የሚስት ተመልካች አይኖርም። ሕዝብ አማልክቱን ከመውቀሱ በፊት አንደበቱን እንዲመረምር የሚያስገድደውም ይኸው ቅጽበት ነው።